እግረ ደረቋ ቪታራ

ዘይቡ ሰርቦ ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ ዝናቡ አስፋልቱ ዳር ያዛት። የገበያ ቀን ስለነበር ወደ ጅማ የሚሄደው ሚኒባስ ሁሉ ሞልቶ ያልፋል። አንዱ ቆመላትና ረዳቱ "ግቢ እናቴ! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው!" እያለ ተጣራ። ዘይቡ ወደ ውስጥ አጮልቃ እርስ በርሱ ተደራርቦ የተቀመጠውን ሕዝብ አየችና "ይህ እንኳን ጅማ፣ መቃብርም በደህና አያደርስ" ብላ አፈገፈገች።

ዘይቡ እንዲህ ናት። ጅማ መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ጨርሳለች፣ አንዲት ልጅ አሳድጋ ለወግ አብቅታለች። ነገር ግን ስልክ በጮኸ ቁጥር ሰው ሞተ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር እሳት ተነሳ ትላለች። ባሏ ካረፈ ወዲህ ደግሞ ብሶባታል። የሱቅ ጎረቤቶቿ "ዘይቡ ፀሐይ ስትወጣም ለምን ወጣች ብላ ትጨነቃለች" እያሉ ይቀልዱባታል። እሷ ግን ቀልዱን ከቁም ነገር አትቆጥረውም። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው፣ መቼም እናት ሳይሆን አይቀርም።

ነጠላዋን እየጨመቀች ቆማ ሳለ ከሰርቦ በኩል አንዲት ትንሽ አሮጌ ቪታራ መጥታ ፊቷ ቆመች። ቀለሟ ከፀሐይ ብዛት አረንጓዴ ይሁን ግራጫ አይለይም። አንዱ በር ከሌላ መኪና የመጣ ስለሆነ ነጭ ነው። ከመሪው ኋላ ፀጉራቸው የሸበተ ሴትዮ መስኮቱን እየጠመዘዙ አወረዱ።

"አንቺ! ዘይቡ አይደለሽም? ያቺ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጣ 'ቲቸር ጣሪያው ሊወድቅ ነው' እያለች ክፍሉን የምታስረብሸው?"

ዘይቡ አፏን ያዘች። ባዮሎጂ ያስተማሯት ቲቸር ውብነሽ ናቸው።

"ቲቸር! በአላህ! እርስዎ ነዎት?"

"ግቢ እንጂ። ሰላምታውን ውስጥ እንጨርሰዋለን።"

ዘይቡ የመኪናዋን ጎማ አየች፣ ነጩን በር አየች፣ እግሯ ግን አልተንቀሳቀሰም።

"ቲቸር፣ አይቀየሙኝና... ይህቺ መኪና ጅማ ትደርሳለች?"

"ጠዋት ከጅማ ነው የመጣችው። መንገዱን ታውቀዋለች።"

ዘይቡ "ቢስሚላህ" ብላ ገባች። ቀበቶውን ካላሰረች በቀር እንደማይነሱ ሲነግሯት ገረማት፤ በዚያ መንገድ ላይ ቀበቶ ሲታሰር ያየችው ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ብቻ ነበር።

መኪናዋ እንደፈራችው አልተንገዳገደችም። ዝናቡን እየጠረገች፣ ከኋላ የመጣውን አይሱዙ እያሳለፈች፣ እንደ ሽማግሌ ረጋ ብላ ትሄዳለች። ቲቸር ውብነሽ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሰርቦ አካባቢ ያለችውን የአባታቸውን የቡና ማሳ እንደሚያዩ፣ ለዚህም ይህችን መኪና ከገዙ ብዙ ዘመን እንደሆናቸው አጫወቷት። ከዚያ ስለ ልጅዋ ጠየቋት። ዘይቡ የጠበቀችው ይህንኑ ጥያቄ ይመስል ሆዷ ውስጥ ያለውን ሁሉ ዘረገፈችው።

"ረይሃና የእንስሳት ሐኪም ሆናለች፣ አልሐምዱሊላህ። ሥራዋ ግን ከሊሙ ገነት ወዲያ ገባ ካሉ ቀበሌዎች ነው። መኪና አይገባም፣ በሞተር ሳይክል ተፈናጣ ነው የምትሄደው። አምና ክረምት ጭቃ ላይ ወድቃ እጇ ተሰበረ። እኔ ዘንድሮ ክረምት ሳይገባ ሥራውን ልቀቂ አልኳት። ሱቁ አለ፣ ከኔ ጋር ትቀመጣለች።"

"እሷስ ምን አለች?"

"መኪና ልግዛ አለች። እንደዚህች የእርስዎ ዓይነት፣ አሮጌ ቪታራ። ገንዘቡ የራሷ ነው፣ መንጃ ፈቃድም አላት። ግን 'ኡሚ፣ ያለ አንቺ ዱዓ አልነሳም' አለችኝ። እኔም ዱዓዬን ከለከልኩ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ለጠየቅኳት ሁሉ የምትመልሰው 'እሺ' እና 'አይ' ብቻ ነው። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ልጄ ወይ መኪናዋን ትገዛለች፣ ወይ የሥራ መልቀቂያዋን ታስገባለች።"

"ለምንድን ነው የከለከልሽው?"

"ቲቸር! ከልጄ በዕድሜ የምትበልጥ መኪና ላይ ልጄን ልጫን? እነዚህ ትንንሾቹ ፎርዊሎች ደግሞ ይገለበጣሉ ይባላል።"

ቲቸር ውብነሽ መልስ ሊሰጡ ሲሉ መንገድ ዳር አንድ ሰውዬ ሁለት ጆንያ አስቀምጦ እጁን አወዛወዘ። ቆሙለት።

"ሃዳ ኮ፣ እናቴ፣ እኔ ከኋላ ጠጋ ልበል፤ ጆንያዎቹን ፖርቶ መጋላው ላይ ጣል ላድርጋቸው። ቀላል ናቸው!"

"አንተ ግባ። ጆንያው ከላይ አይወጣም።"

"ቀላል ናቸው ስልዎ!"

"ቀላል ከሆኑ ተሸከማቸዋ!"

"መኪናዋ ፎርዊል አይደለችም እንዴ? ወይስ ለሰርግ ነው ያቆዩዋት?" ብሎ አሽሟጠጠ። እሳቸውም ሳቁና ሰውዬውን ከነጆንያው እዚያው ትተው ጉዟቸውን ቀጠሉ። ዘይቡ ግን ደነገጠች። በእኛ አገር መንገደኛን "ቦታ የለም" ማለት፣ ጭነቱን መመለስ፣ ከነውርም ነውር ነው። ሰው ጎኑ እስኪደቅ ተጠጋግቶ ይጭናል እንጂ እምቢ አይልም።

"ሰውዬው ተቀየመ፣ ቲቸር።"

"ይቀየም። ለቅሶው ላይ ከምንታረቅ አሁን ቢቀየመኝ ይሻላል። አየሽ የኔ ልጅ፣ ይህቺ መኪና ቁመቷ ከወርዷ ይበልጣል። ጭቃና ድንጋይ የምታልፈው ከፍ ስላለች ነው፤ ግን አናቷ ላይ ጆንያ ቆልለሽ፣ ኩርባውን እየበረርሽ ከገባሽ ትወድቃለች። ራስ ላይ ውሃ ተሸክማ የምትሮጥ ሴት አትወድቅም? ታዲያ የሚገለበጠው መኪናው ነው ወይስ እምቢ ማለት የማይችለው ይሉኝታችን?"

ዘይቡ ይህን በልቧ አስቀመጠችው። ነገር ግን ዋናውን ምክንያቷን ገና አላወጣችውም ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እሱስ ይሁን። ረይሃና ያየቻት መኪና ግን... እግረ ደረቅ ናት።"

"መኪና እግር አላት?"

"አይቀልዱ ቲቸር። የጀቤሳ መኪና ናት፣ የሊሙ ገነቱ የቡና ነጋዴ። መኪናዋን በገዛ በዓመቱ ከሰረ። ወዲያው ታመመ፣ ሞተ። ሊሙ ውስጥ የሚገዛት ጠፍቶ ነው ዋጋዋ የወደቀው።"

"በምን ሞተ?"

"በጉበት።"

"ጉበቱን ያሳመመችው መኪናዋ ናት?"

"እንደሱ እንኳን..."

"የከሰረ ጊዜስ፣ የቡና ዋጋ የወደቀው ለሱ ብቻ ነበር?"

"ኧረ ለሁሉም ነው። ያን ዓመት መርካቶም ጨርቅ የሚገዛ ጠፍቶ ነበር።"

"ለሁሉም ከሆነ፣ ሁሉም ቪታራ ነበራቸው ማለት ነው?"

ዘይቡ ሳቋ ሊመጣ ሲል ዋጠችው። ቲቸር ውብነሽ ግን ክፍል ውስጥ እንደሚያደርጉት ጥያቄያቸውን ቀጠሉ።

"ስለዚህች መኪና ማንን ጠየቅሽ?"

"ያልጠየቅኩት የለም! ጎረቤቱን፣ ዘመዱን፣ ከሊሙ የሚመጡ ደንበኞቼን ሁሉ።"

"ስለ እግሯ?"

"ስለ እግሯ።"

"ስለ ፍሬኗስ?"

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ዘይቡ ያን ያህል ሰው ጠይቃ፣ ያን ያህል እንቅልፍ አጥታ፣ ስለ ፍሬን አንድም ሰው አልጠየቀችም። እውነት ለመናገር ይህ የእሷ ስህተት ብቻ አይደለም። ላም ስንገዛ፣ ቤት ስንከራይ፣ ሙሽራ ስናስገባ የምንጠይቀው ስለ እግር ነው። ለመኪናም ያው ነው። የቀድሞው ባለቤት ሀብታም ከሆነ እግረ እርጥብ ብለን ዓይናችንን ጨፍነን እንገዛለን፤ ደሃ ከሆነ ወይ ከሞተ እንሸሻለን። ከሥር ጎንበስ ብሎ የሚያይ የለም።

"ፍርሃትሽን ጣይ አልልሽም" አሉ ቲቸር ውብነሽ ጅማ ሲገቡ። "ፈሪ ለእናቱ ይባላል፣ እናቱም ብትፈራ አይፈረድባትም። ግን ያንቺ ፍርሃት ሥራ ፈት ነው። ቀን ከሌት ተቀምጦ ይበላል፣ የሚያመጣው ነገር የለም። ሥራ ስጪው። ቅዳሜ ከልጅሽ ጋር እወስድሻለሁ፤ ያንን ሁሉ ጥርጣሬሽን ይዘሽ መኪናዋ ሥር ግቢ።"

ማታ እራት ላይ ዘይቡ ይህን ለዕረፍት ቤት ለመጣችው ረይሃና ስትነግራት ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ኡሚ፣ እውነትሽን ነው? ልታዪያት ነው?"

"አያለሁ አልኩ እንጂ ዱዓ አደርጋለሁ አላልኩም። የእግሯ ነገር አሁንም..."

"ኡሚዬ፣ ገድ ማየት በዲናችን የለም። ይህን ያስተማርሽኝ እኮ አንቺ ነሽ።"

"አስተማርኩሽ። እኔም እየረሳሁ ነው የምፈራው" አለች ዘይቡ፣ ተናዳ ይሁን አፍራ ሳይለይ። "ለምን አዲስ አትገዢም? እነዚያ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት አሉ አይደል?"

"አቅሙ ቢኖረኝ ደስ ይለኛል። ግን እኔ ያለሁበት ቀበሌ እኮ ስልኬን ቻርጅ የማደርገው በገበሬ ሶላር ነው! ቪታራ ብትበላሽ መለዋወጫዋ ጅማ ሞልቷል፤ የማይጠግናት ጋራዥ የለም፤ ነዳጅ ብዙ አትጠጣም። ሰው የሚወዳት ዝም ብሎ አይደለም።"

ቅዳሜ ሦስቱ ሊሙ ገነት ደረሱ። የጀቤሳ ሚስት ሶረቲ በሩን ከፈተችላቸው፣ ቆርቆሮ ሥር የቆመችውን መኪና በእጇ አሳየቻቸው፣ ራቅ ብላ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

"ጠይቁ" አለች፣ ፊቷን ወደ ጓሮ አዙራ። "አሟሟቱን ልንገራችሁ? ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ነው።"

ረይሃና ግራ ተጋብታ እናቷን አየች። ዘይቡ ግን ካርቶን አንጥፋ፣ ነጠላዋን አስቀምጣ መኪናዋ ሥር መግባት ጀምራ ነበር።

"ኡሚ፣ ልብስሽ!"

"ልብስ እሸጣለሁ፣ ልጅ አልሸጥም። ባትሪውን አቀብዪኝ።"

ጥቂት ቆይቶ ድምፅዋ ከሥር መጣ። "እዚህ ጎማው አጠገብ ያለው ቱቦ ለምን ተሰነጣጠቀ? የምንድን ነው?"

"የፍሬን ቱቦ ነው" አሉ ቲቸር ውብነሽ አጎንብሰው።

"ያ ረቢ! ይህ ደግሞ ምን ይንጠባጠባል?"

"ውሃ ነው ዘይት?"

"አላውቅም፣ ግን አልወደድኩትም!"

ይህን ጊዜ በርጩማው ላይ ያለችው ሴት ሳቀች። ሳቋ ለራሷም የገረማት ይመስል እጇን አፏ ላይ አደረገች። ተነስታ መጣችና አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

"የሞተሩ ዘይት ነው። ላስቲኩ አርጅቷል፣ መቀየር አለበት። ሌላም ልንገራችሁ፤ ረጅም ዳገት ላይ ትሞቃለች። ጠዋት ጠዋት ውሃዋን ሳታዩ እንዳትነሱ። ባሌ ሁልጊዜ ያይ ነበር።" ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። "እናንተ ብቻ ናችሁ ስለ መኪናዋ የጠየቃችሁኝ። ሌላው ሰው ከበር ነው የሚመለሰው። እሷንም እኔንም እግረ ደረቅ ነው የሚሉን። ሰርግ ቤት እንኳን ሙሽራዋ አጠገብ አላስቀምጥ አሉኝ።"

ዘይቡ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለ መኪና ያወራች መስሏት ነበር። ሞት ቤቷ የገባባትን፣ እንደ ራሷ ባሏን የቀበረችን ሴት ነው ለካ ስታማ የከረመችው። የሷ ባል ሲሞት ጎረቤት ሁሉ ሱቋን ከፍቶ፣ ቤቷን ሞልቶ ነበር ያጽናናት። እንዲህ ያለ ቃል ማንም አልተናገራትም። ይህን ስታስብ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ወጣች። ፀጉሯ ላይ አፈር አለ።

"እህቴ፣ እኔም ከነሱ አንዷ ነኝ። መርካቶ ተቀምጬ ስምሽን ሳላውቅ አምቼሻለሁ። አውፍ በይኝ።"

ሶረቲ ከዘይቡ ፀጉር ላይ አፈሩን አራገፈችላት። "እኔም መርካቶ ያሉ ሴቶች ልብሳቸውን የሚያቆሽሹ አይመስለኝም ነበር" አለች። "ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ። አውፍ ብያለሁ።"

ረይሃና መኪናዋን አስነስታ ግቢውን ዞረችባት፤ ጅማም ተወስዳ ለመካኒክ ታየች። ሞተሯ ጤነኛ፣ ሻንሲዋ ያልተበየደ መሆኑን አረጋገጠላቸው። ዘይቡ ያየችው ቱቦና ላስቲክ፣ ጎማዎቹም ጭምር፣ መቀየር እንዳለባቸው ነገራቸው። ዘይቡ ይህ ሁሉ ሳይደረግ ዱዓ እንደማታደርግ ተናገረች። ጎረቤቶቿ "እየሄደች ያለችን መኪና ምን አስፈታሽ? ያልታመመ ሰው ሆስፒታል ይተኛል እንዴ?" ሲሉ ረይሃና "ክትባት የሚባል ነገር አለ፤ ሥራዬ ነው፣ እኔን ጠይቁኝ" ብላ አሳቀቻቸው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ አይደለም?

ሁሉም ተቀይሮ፣ መኪናዋም ተገዝታ ዱዓው የተደረገ ዕለት ሶረቲ ተጋብዛ ከሊሙ መጣች። ዘይቡ እጇን ይዛ ከራሷ አጠገብ፣ ከሴቶቹ መካከል አስቀመጠቻት። ከዚያ ሁለት እጇን ዘርግታ "ያ አላህ፣ ልጄን ሸኝቼልሃለሁ፣ አንተ መልስልኝ። ይህችን መኪና የነዳውን ማረው። ያቆየችልንን ሴት ደስ አሰኛት" አለች። ሴቶቹ "አሚን" አሉ። ሶረቲ ራሷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች፤ ማንም አልከለከላትም። ረይሃና ደግሞ የእናቷን ጉልበት ሳመች። በቀጣዩ ሰኞ ሥራዋ ላይ ተገኘች፤ የመልቀቂያው ነገር ዳግመኛ አልተነሳም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ዘይቡ መፍራት ተወች ብሎ የሚጠብቅ ካለ አይጠብቅ። አሁንም ስልክ ሲጮኽ ደረቷን ትመታለች። ፍርሃቷ ግን ሥራ ይዟል። ልጅዋ ቤት ባደረችበት ጠዋት ሁሉ ውሃውንና ዘይቱን ታያለች፣ ጎማውን በእጇ ትደባብሳለች፣ የመኪናዋ አናት ላይ ጆንያ የሚጭን ቢመጣ እንደ ነብር ትነሳለች። አሮጌ ነገር የሚያሳፍረው እርጅናው ሳይሆን ጠባቂ ማጣቱ እንደሆነ ገብቷታል። በዝና የሚገዛ ሰው ዝናውን ይነዳል፤ ጎንበስ ብሎ ያየ ግን መኪና ይነዳል። ከዚያ በኋላም የሱቅ ጎረቤቶቿ ያገለገለ ነገር ሊገዙ ሲሉ "ዘይቡ፣ እስቲ አብረሽን ነይ፣ አንቺ ክፉ ክፉውን ታያለሽ" እያሉ ይወስዷታል። ድሮ የሚስቁበት ነገር ዛሬ የሚለምኗት ሆነ።

ክረምቱ መሃል ላይ፣ ዝናብ መርካቶን ወንዝ ባደረገበት ቀን፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ የለጠፈ ገበሬ ሱቋ በር ላይ ቆመ። በእጁ የወተት ጀሪካን ይዟል።

"የእንስሳት ሐኪሟ እናት አንቺ ነሽ?"

ዘይቡ የያዘችው ጨርቅ ከእጇ ወደቀ። "ልጄ ምን ሆነች?"

"ኧረ ምንም! ደህና ናት! ሙሀጅር እባላለሁ፣ ከሊሙ ገነት ወዲያ ነኝ። ላሜ ምጥ ላይ ሆና ጥጃው አልወጣ ብሎ ነበር። በዚያ ጭቃ ሞተር ሳይክል አይታሰብም፣ እኔም ተስፋ ቆርጬ በሕይወት እያለች ልረዳት ቢላ ስዬ ጨረስኩ። ይህን ጊዜ ያቺ ትንሽ መኪና እያቃሰተች ዳገቱን ወጥታ መጣች።"

"ላሟስ?"

"ላሟም ጥጃውም ይኸው ደህና ናቸው። የመጀመሪያው ወተት እንገር ስለሆነ ለጥጃው ተውኩለት፤ አሁን ግን ወተቱ ጠርቷል። ልጅሽ ዋጋ አልቀበል ስትለኝ ለእናቷ ይሁን ብዬ ይዤ መጣሁ።"

ዘይቡ ጀሪካኑን በሁለት እጇ ተቀበለች። ገና ሞቅ ያለ መሰላት።

"ቢላውስ?" አለችው፤ ሌላ የምትለው ጠፍቷት።

"ሚስቴ ሽንኩርት ትከትፍበታለች። እንደዚያ ተስሎ አያውቅም አሉ፤ ደስ ብሏታል።"

ዘይቡ ሳቀች። ጎረቤቶቿ ምን ሆነች ብለው ከየሱቃቸው ብቅ እስኪሉ ድረስ ሳቀች። ከዚያ ዕንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች፣ ለእንግዳው ወንበር ጎተተችለት፣ ኩባያ ደርድራ ወተቱን ለጎረቤቶቿ ሁሉ እየቀዳች "አልሐምዱሊላህ" አለች፤ በየኩባያው አንድ አንድ ጊዜ።